መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ

ስለ ንባብ ልማድ ሲወራ በቅድሚያ የሚነሣው ጥያቄ አንድ ሰው በዓመት ስንት መጽሐፍ ይጨርሳል የሚለው ነው፤ የአማርኛ አንባቢ ታሪክ ግን አንባቢን የሚያፈራውና የሚያጸናው መጽሐፉን አምጥቶ የሚያቀብለው ሰው መሆኑን ያሳያል።

ለዚህ የቆየው ምስክር የቤተ ክህነት ትምህርት ነው። ፊደል የለየ ልጅ በየኔታ ፊት ተቀምጦ ንባብ ከተለማመደ በኋላ ወደ መዝሙረ ዳዊት ይሸጋገራል፤ ዳዊትን በቃልም ሆነ ከመጽሐፍ የሚጸልይ ሰው ደግሞ ዳዊት “ደገመ” እንጂ ዳዊት “አነበበ” አይባልም። 150ው መዝሙር አሥር አሥር እየሆነ በ15 ክፍል ተከፍሎ፣ እያንዳንዱም ክፍል “ንጉሥ” ተብሎ ለሳምንቱ ቀናት ስለተደለደለ፣ ደጋሚው ዛሬ ምን ላንብብ ብሎ አይቸገርም። አንድን መጽሐፍ ዕድሜ ልክ መመላለስ በዚህ ልማድ የብስለት ምልክት ነው፤ ጨርሶ ያስቀመጠውን ልብ ወለድ እንደገና መግለጥ ጊዜ ማባከን የሚመስለው የዛሬ አንባቢ ከአያቶቹ ልማድ ምን ያህል እንደራቀ ልብ አይለውም።

ልብ ወለድ ሲስፋፋ የአቀባይነቱን ድርሻ ከወሰዱት መካከል አንዱ ሬዲዮ ነበር። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሀዲስ አለማየሁን “ፍቅር እስከ መቃብር” ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው፣ ማለትም የየገጸ ባሕርዩን ድምፅና ጠባይ እየለየ ጮክ ብሎ ሲያነብበው፣ ፊደል ያልቆጠረ አድማጭ ሳይቀር ከሰብለ ወንጌልና ከበዛብህ ጋር ተዋወቀ። ትረካው መጽሐፉ ጥሩ ነው ብሎ አልሰበከም፤ ከገጸ ባሕርያቱ አንዱን፣ ጉዱ ካሳን፣ አናገረና ፍርዱን ለአድማጩ ተወ፤ መጽሐፍን ለሌላ ሰው ለማስወደድ ከዚህ የተሻለ መንገድ እስከ ዛሬ አልተገኘም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ክልከላም ሳያስበው መጽሐፍ አስተዋውቋል። በ1975 ዓ.ም. የወጣው የበዓሉ ግርማ “ኦሮማይ” ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ሲደረግ፣ ደራሲውም ከሥራው ተባርሮ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ሲቀር፣ የተረፉት ቅጂዎች በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ መዞር ያዙ። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ የሚያውስ ሰው የራሱን ደኅንነት አብሮ ስለሚያውስ፣ ስለ መጽሐፉ ከማውራቱ በፊት የሚሰጠውን ሰው ይመዝን ነበር።

ለሌላው አንባቢ ከመጨነቅ የተነሣ የተደረገውን ሁሉ የሚበልጠው ግን የነቢይ መኮንን ሥራ ነው። ገጣሚውና ጋዜጠኛው ነቢይ በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ እስረኞች እጅ የገባውን የማርጋሬት ሚሼልን ዳጎስ ያለ ልብ ወለድ እንግሊዝኛ ለማያነብቡት ባልንጀሮቹ ወደ አማርኛ መለሰው። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው ከሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚወጣው ስስ ወረቀት ላይ ነው፤ ቁጥሩም ወደ 3,000 ይደርስ ነበር። ከእስር የሚፈቱ ሰዎች ጽሑፉን በየፓኮው ደብቀው ጥቂት በጥቂት አወጡት፤ ኋላም ተሰብስቦ “ነገም ሌላ ቀን ነው” በሚል ርእስ ታተመ።

በነፃነት ጊዜ መጽሐፍ መጠቆም ቀላል የሚመስለው ጠቋሚው የሚከፍለው ነገር ስለሌለ ነው። ብዙ ጠቋሚ ራሱ የወደደውን መጽሐፍ ያነሣል፤ የሚነገረው ሰው ምን እንደለመደ፣ የትኛውን መጽሐፍ ግማሽ ላይ እንደተወው አይጠይቅም። በ1962 ዓ.ም. የታተመው የዳኛቸው ወርቁ “አደፍርስ” ታላቅ ሥራ መሆኑ አያከራክርም፤ ሆኖም ታሪኩ ቶሎ ቶሎ እንዲፈስለት ለሚሻ ጀማሪ እርሱን በቅድሚያ መስጠት ንባብ ያልወጣለትን ልጅ ቅኔ ቤት እንደማስገባት ነው። ጀማሪው የሚደመድመው መጽሐፉ ከበደኝ ብሎ ሳይሆን ማንበብ የእኔ ነገር አይደለም ብሎ ነው፤ ለዚህም ተጠያቂው ጀማሪውም ደራሲውም ሳይሆኑ ጠቋሚው ነው። ለእንዲህ ያለው አንባቢ የበዓሉን “ከአድማስ ባሻገር” ወይም አንድ ጥሩ የአጫጭር ልብ ወለዶች መድበል አስቀድሞ “አደፍርስ”ን ለነገ ማቆየት ይሻላል።

ደግሞም መጽሐፉን አንስቶ መስጠት ርእሱን ከመንገር ይልቃል፤ እጅ ላይ ያለ መጽሐፍ ዛሬ ማታ ሊገለጥ ይችላልና። እርግጥ ነው፣ መጽሐፍ ያዋሰ ሞኝ፣ የመለሰ ደግሞ የባሰ ሞኝ የሚል ቀልድ ሲያስቅ ኖሯል፤ የስንቱን ቤት መደርደሪያ እንዳራቆተ ግን ባለመጽሐፎቹ ያውቁታል። ስለዚህ አዋሹ በመጀመሪያው ገጽ ስሙንና ያዋሰበትን ቀን ይጻፍ፤ ተዋሹም አንብቦ ይመልስ።