ዕጢውን የሚያበራው ቀለም

ካዛንቺስ ካሉት ትልልቅ ሆቴሎች በአንዱ የመቶ ዶላር ኖት ስትከፍሉ፣ ገንዘብ ተቀባይዋ ተቀብላ ከአንዲት ሐምራዊ መብራት ሥር ታደርገዋለች። ተራ ይመስል ከነበረው ወረቀት ውስጥ አንድ ቀጭን ክር ሮዝ ሆኖ ቦግ ይላል። ስሙኝማ፣ በዚችው ዘዴ የአንጎል ካንሰርም ይፈለጋል! ክሩ ላይ ያለው ቀለም ዓይናችን የማያየውን ብርሃን ይውጥና፣ ከኃይሉ ጥቂቱን በሙቀት አባክኖ፣ የቀረውን ደከም አድርጎ በሚታይ ብርሃን ይተፋዋል። ፍሎረሰንስ ይሉታል። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጠራላችሁ።)

የቀዶ ሐኪሙ ጭንቀት የዕጢው ድንበር ነው። ጡት ላይ ለጥንቃቄ ሲባል ከዕጢው ዙሪያ ጤነኛ ሥጋም ጨምሮ ማንሳት ይቻላል። አንጎል ላይ ግን የሚጨመር ነገር የለም፤ ትንሽ ካለፉ የታማሚው ንግግር ወይም እጁ ሊሄድ ይችላል፤ ትንሽ ካስቀሩ ደግሞ ካንሰሩ ከቀረው ይነሳል። ክፉው የአንጎል ዕጢ ዳር ዳሩ ላይ ከጤናማው ጋር ተደባልቆ ስለሚያድግ በነጭ መብራት ሁለቱ መንታ ይመስላሉ። እዚሁ አዲስ አበባ፣ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የአንጎልና የነርቭ ቀዶ ጥገና ከሚሠራባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የዚህን ሙያ ስፔሻሊስቶች አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው በ2006 ነው። ስለዚህ ጥያቄው ሩቅ አገር ያለ ጥያቄ አይደለም።

ማብራቱማ ቀላል ነው። ከባዱ ቀለሙ ካንሰሩን ብቻ እንዲመርጥ ማድረግ ነው። ታሪኩ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሽከረከረው።

የመጀመሪያው ቀለም ፍሎረሲን ነው። አዶልፍ ፎን ባየር የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት በ1871 ሠራው። ዓይናችሁ ተጭሮ ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ የምታውቁ ከሆነ ታውቁታላችሁ፤ በብርቱካናማ ወረቀት ነክተዋችሁ በሰማያዊ መብራት ሲያዩ ጭረቱ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል። በ1948 አሜሪካዊው ጆርጅ ሙር ይህንኑ ቀለም ለአንጎል ዕጢ ሞከረው። ጤነኛ አንጎል ደም ሥሮቹ ጥብቅ ናቸው፤ ዕጢው ያለበት ቦታ ግን ያንጠባጥባሉ፣ ቀለሙም በዚያ ይወጣል። ልብ በሉ፣ ቀለሙ ካንሰሩን አላወቀውም፤ ያገኘው የሚያፈስ ቧንቧ ነው።

የሚቀጥለው ግን እኔን በጣም ያስደንቀኛል። ፋይቭ አላ የሚባለው መድኃኒት ራሱ አይበራም። ታማሚው ከማደንዘዣው ሦስት ሰዓት ገደማ በፊት ይጠጣዋል። ሰውነታችን ይህንኑ ንጥረ ነገር ደምን ቀይ የሚያደርገውን ሄም ለመሥራት ዘወትር ይጠቀምበታል። የካንሰሩ ሴል ሥራውን ይጀምራል፣ መጨረሻው ደረጃ ላይ ይሰንፋል፤ ሳያልቅ የቀረው ፖርፊሪን የሚባል ነገር ውስጡ ይከማቻል። ያ ክምችት በሰማያዊ ብርሃን ሲመታ ቀይ ሮዝ ሆኖ ይታያል። ካንሰሩ በገዛ እጁ ራሱን ቀለም ቀባ ማለት ነው! ጀርመናዊው ቫልተር ሽቱመርና ባልደረቦቹ በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ የሚታየው ዕጢ ሙሉ በሙሉ የወጣላቸው በዚህ ዘዴ 65 በመቶ፣ በተለመደው ነጭ ብርሃን 36 በመቶ ነበሩ። ዕጢው እስኪያገረሽ ያለው ጊዜም ረዘመ፤ ጠቅላላ ዕድሜ ላይ ግን ቁርጥ ያለ ልዩነት አልታየም። አሜሪካ በ2017 ፈቀደችው። ጣጣው፣ ታማሚው ለአንድ ቀን ያህል ከኃይለኛ ብርሃን መራቅ አለበት፤ የአዲስ አበባን የጥቅምት ፀሐይ አስቡት።

አይሲጂ የሚባለው አረንጓዴ ቀለም ደግሞ ከ1959 ጀምሮ የተፈቀደ ነው። የሚተፋው ብርሃን ከቀይ በታች ስለሆነ ዓይን አያየውም፣ ካሜራ ይፈልጋል፤ በምትኩ ጥቂት ሚሊሜትር ከሥጋ ሥር ያለውን ያሳያል። የጡት ካንሰር መጀመሪያ የሚሄድበትን የብብት ንፍፊት ለመለየት ይጠቅማል፤ ያቺ ንጹሕ ከሆነች ሌሎቹን ሁሉ አውጥቶ የሴትዮዋን ክንድ ለዕብጠት መዳረግ አያስፈልግም። በአሜሪካ የሚሠራው የናይጄሪያው ተወላጅ ሳሙኤል አቺሌፉ ይህን ዓይነቱን ብርሃን የሚያሳይ መነጽር ሠርቶ፣ በ2014 ቀዶ ሐኪሞች አድርገውት ሠሩበት።

ከዚያ ለቀለሙ መንጠቆ ማሰር መጣ። በ2021 አሜሪካ ለእንቁልጢ ካንሰር የፈቀደችው ፓፎላሲያኒን መንጠቆው ፎሌት ነው፤ ያው ነፍሰ ጡሮች የሚወስዱት ቫይታሚን። ካንሰሩ ለመባዛት ስለሚራበው ላዩ ላይ ብዙ የፎሌት መያዣ ያወጣል። የዘውዲቱ ቀዶ ሐኪሞች ፎሌት ከማነስ ጋር በተያያዘ ጀርባቸው ሳይገጥም የሚወለዱ ሕፃናትን እንደሚጠግኑ ሳስብ፣ የአንድ ቫይታሚን ሁለት ፊት ይገርመኛል።

እጅግ ጥቃቅን የሆኑት ናኖ ቅንጣቶችስ? አንድ ቅንጣት ላይ ብዙ ቀለምና ብዙ መንጠቆ ይጫናል፤ ስለዚህ ተስፋው ትልቅ ነው። በ2016 የካናዳ ተመራማሪዎች የዓመታት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያዩ ግን፣ ከተወጋው ውስጥ ዕጢው ጋ የደረሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ብቻ ነበር። የቀረውን አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል። የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ለዚህ ያመጡት መላ ማሳነስ ነው፤ ከአሸዋ ዘመድ ከሲሊካ የሠሯቸው ቅንጣቶች ስድስት፣ ሰባት ናኖሜትር ገደማ ስለሆኑ ያልተያዙት በኩላሊት አልፈው በሽንት ይወጣሉ። በሰው ላይ እንዲሞከሩ የተፈቀደው በ2011 ነው።

«ታዲያ ለእኛ የትኛው?» ብትሉኝ፣ እኔ የማደላው ለአሮጌው ፍሎረሲን ነው። የሚያፈስ ቧንቧ ብቻ ቢያሳይም ርካሽ ነው፣ ዓይን ሐኪሞቻችን ያውቁታል፣ ማይክሮስኮፕ ላለው የቀዶ ጥገና ክፍል ደግሞ በዋናነት የሚጎድለው ቢጫ የብርሃን ማጣሪያ ነው።