ዝም የተሰኘ ሕመም የዳነ በሽታ አይደለም



ዛሬ የማቀርበው ርእስ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ሥር የሰደደ የዳሌ መገጣጠሚያ ሕመም፣ ነርቭን በሙቀት በማምከን ስለማስታገስ ነው። አስቀድሜ አንድ ልዩነት ላስገንዝባችሁ፤ ይህ ሕክምና የሕመሙን መልእክት ያቋርጣል እንጂ የተሸረሸረውን መገጣጠሚያ አይጠግንም።

መገጣጠሚያው እጅግ ሲጎዳ ዋነኛው መፍትሔ በቀዶ ሕክምና በሰው ሠራሽ መተካት ነው። ይሁን እንጂ ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለባቸው አረጋውያን ቀዶ ሕክምናውን ላይቋቋሙት ይችላሉ፤ እንደ ኢቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎችም ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ጨጓራንና ኩላሊትን ሊጎዱ ይችላሉ። ነርቭን ማምከን በተለይ የሚታሰበው ለእነዚህ ሰዎች ነው።

የመገጣጠሚያው ሽፋን የፊት ክፍል ስሜት በዋናነት የሚተላለፈው በፌሞራልና በኦብቱሬተር ነርቮች ቅርንጫፎች ነው። ሐኪሙ በራጅ ወይም በአልትራሳውንድ እየተመራ የመርፌውን ጫፍ ወደ ቅርንጫፎቹ ያደርሳል፤ በተለመደው ዘዴ የሬዲዮ ሞገድ ኃይል በጫፉ ዙሪያ ያለውን ሥጋ እስከ 80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ90 ሰከንድ ያህል ያሞቀዋል። ዒላማው ቅርንጫፉ እንጂ ግንዱ አይደለም፤ የፌሞራል ነርቭ ግንድ ከተጎዳ ጉልበትን የሚዘረጋው የጭን ጡንቻ ይዝላል፣ አረጋዊውም ለመውደቅ ይጋለጣል። ትልልቆቹ የጭን ደም ሥሮችም በአቅራቢያው ስለሚያልፉ፣ የደም ማቅጠኛ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ጉዳይ አስቀድሞ ሊመረመር ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሙከራ ይቀድማል። በእነዚያው ቅርንጫፎች ዙሪያ ጥቂት ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሕመሙ ማደንዘዣው እስኪለቅ ድረስ በግልጽ ከቀነሰ፣ ምንጩ መገጣጠሚያው መሆኑን የሚያመለክት ጥሩ ፍንጭ ነው። ካልቀነሰ ግን ሕመሙ ከወገብ አከርካሪ ወይም ከሌላ ስፍራ ሊመነጭ ስለሚችል፣ ወደ ማምከን ከመሄድ ምርመራውን እንደገና ማጤን ይሻላል።

እፎይታውም ዘላቂ አይደለም፤ ነርቮቹ ቀስ በቀስ ዳግም ስለሚያድጉ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ ሕመሙ ሊመለስ ይችላል። እስካሁን ያለው ማስረጃም በአብዛኛው የተገኘው ጥቂት ሕሙማንን ካካተቱ ጥናቶች ነው።

ስለዚህ እውነቱን ለሕመምተኛው መንገር ራሱ የሕክምናው አካል ነው ብዬ አምናለሁ። «ድነዋል» የተባሉ እናት ሕመሙ ሲመለስ ተስፋቸው ይሰበራል። «ለጊዜው ያርፋሉ፤ በዚህ ጊዜ እየተራመዱ ጡንቻዎን ያጠንክሩ» የተባሉት ግን የተሰጣቸውን ወራት ይጠቀሙባቸዋል።