ክንፉ የተሰበረ አሞራ ከደጅዎ ሲወድቅ

አንድ ቀን ከሥራ ሲመለሱ ልጅዎና ጓደኞቹ በአጥር ሥር አንድ ነገር ከበው ሲንጫጩ ያገኛሉ እንበል። ጠጋ ብለው ሲያዩ ክንፉ የተሰበረ ጥንብ አንሳ ነው። አንደኛው ልጅ በእንጨት ይጎነትለዋል፤ ሌላው ድንጋይ አንሥቷል። እርስዎስ ምን ያደርጋሉ? «ይህን ቆሻሻ አትንኩ» ብሎ ልጅን ይዞ ወደ ቤት መግባት ብቻ በቂ ነውን?

አይደለም። በመጀመሪያ ደረጃ ይህ አሞራ ቆሻሻ ሳይሆን የቆሻሻ ጠላት መሆኑን ልጅዎ ከእርስዎ አፍ ቢሰማ መልካም ነው። በየቄራው አካባቢና በየቆሻሻ መጣያው የሚጣለውን ሥጋና ሆድ ዕቃ ጠርጎ ይበላል። የጨጓራው ኃይለኛ አሲድም በሽታ አምጪ የሆኑ በርካታ ተሕዋስያንን ይገድላል።

ይህ አገልግሎት ሲቋረጥ የሚደርሰውን ጉዳት ከህንድ አገር መማር ይቻላል። በዚያ ለከብት ሕመም ማስታገሻ የሚሰጠው ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት፣ የታከመውን ከብት ጥንብ የበሉትን አሞራዎች ኩላሊት እያበላሸ አብዛኞቹን ፈጃቸው። ጥንቡ ለውሻ ተረፈ፤ ውሻ በዛ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ሥጋትም አብሮ ጨመረ። ህንድ መድኃኒቱ ለከብት እንዳይውል የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። በከተሞቻችን የምናየው ፊተ ገላጣው ትንሹ ጥንብ አንሳም እ.ኤ.አ. በ2015 በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግቧል። እንስቷ በአንድ ወቅት የምትጥለው አንድ ዕንቁላል ብቻ በመሆኑ የአንዱ ሞት በቀላሉ አይተካም።

ለተጎዳው ወፍ የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ከባድ አይደለም። ልጆቹን ያርቁ። አሮጌ ጋቢ ወይም ወፍራም ጨርቅ ጣል አድርገውበት፣ ክንፎቹን ወደ ጎኑ ሰብስበው ያንሡት፤ ከመንቁሩ ይጠንቀቁ። ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አድርገው ጸጥታና ጨለማ ባለበት ሥፍራ ያቆዩት። ወተትም ሆነ ዳቦ አይስጡት። ውሃም በአፉ አያፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ገብቶ ሊገድለው ይችላል። እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ብዙ ወፎች በአንድ ሥፍራ ሞተው ካገኙ ግን መርዝ ወይም በሽታ ሊሆን ስለሚችል ጨርሶ አይንኩ።

ከዚያም ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ይውሰዱት፤ ወይም ለኢትዮጵያ የዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ያስታውቁ። የወፍ አጥንት ቶሎ የሚገጥም በመሆኑ በጊዜ ካልታሰረ ተጣሞ ይገጥማል፤ ወፉም ዳግመኛ ላይበር ይችላል።

ልጆቹ «እቤት እናሳድገው» ማለታቸው አይቀርም። ርኅራኄያቸውን ያመስግኑ። ነገር ግን ሰው የለመደ የዱር ወፍ ምግቡን ፈልጎ ማግኘትና ከአደጋ መሸሽ እንደሚያዳግተው ያስረዷቸው። ሲቻልዎ በሆለታ አቅራቢያ ወደሚገኘው የእንስሳ ኮቴ ማዕከል ይውሰዷቸው። በዚያ ከችግር የዳኑ የዱር እንስሳት እንክብካቤ ሲደረግላቸው በዓይናቸው ያያሉ።

ዛሬ እርስዎ ድንጋዩን ከእጁ ያስጣሉት ልጅ፣ ነገ የጓደኛውን ድንጋይ ያስጥላል።