የውሻ መስኮት መቀመጫ፦ ከመስኮቱ በፊት ውሻውን ለኩ

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ውሻ የምታሳድጉ ይህን በደንብ ታውቁታላችሁ። ደጅ ላይ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የፊት እግሮቹን የመስኮቱ ደፍ ላይ ሰቅሎ ይንጠራራል። የኋላ እግሮቹ ሲዝሉ ይወርዳል፤ ትንፋሹን ሳይሰበስብ መልሶ ይሰቀላል። ደህና መቀመጫ ብትሠሩለት ቀኑን ሙሉ ተጋድሞ ሰፈሩን ይቃኛል። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ብቻ ሁሉን የሚወስን አንድ ቁጥር አለ፦ ከፍታው።

ብዙ ሰው የመስኮቱን ደፍ ይለካና ከእሱ እኩል ጣውላ ይገጥማል። ያ ለውሻ አደገኛ ነው፤ መስኮቱ ሲከፈት ውሻው አፋፍ ላይ ተኝቷል ማለት ነው። እናንተ ከውሻው ጀምሩ። ደረቱን መሬት አስነክቶ፣ ራሱን ቀና አድርጎ ሲጋደም ጠብቁና ከወለሉ እስከ ዓይኑ ለኩ። 35 ሴንቲ ሜትር መጣ እንበል። ደፉ ከወለሉ 90 ሴንቲ ሜትር ላይ ከሆነና ዓይኑ ከደፉ በ10 ከፍ እንዲል ከፈለጋችሁ፣ ከ100 ላይ 35 ስትቀንሱ 65 ይቀራል። መኝታው ከነስፖንጁ 65 ላይ ይሁን። ሲተኛበት ተጨምቆ 5 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ስፖንጅ ከሆነ፣ ጣውላው 60 ላይ ይገጠማል። ውበቱን አያችሁት? ውሻው ሳይነሳ ውጭውን ያያል፤ 25 ሴንቲ ሜትር ግድግዳ ደግሞ ከፊቱ እንደ አጥር ቆሞለታል።

የመቀመጫውን ርዝመት ከመስኮቱ ስፋት ጋር አታስተካክሉ፤ በአንድ ወገን ውሻው ሊጠቀለልበት በሚበቃ ያህል ከመስኮቱ አልፎ ወደ ግድግዳው ይዝለቅ። ውሻ እንደ እኛ መላ ሰውነቱ አያልበውም፤ በዋናነት ሰውነቱን የሚያቀዘቅዘው በማለክለክ ነው። የከሰዓት ፀሐይ መስታወቱን ሲያግለው ሳይወርድ ፈቀቅ የሚልበት ጥላ ሊኖረው ይገባል። እኔ ከሁሉ በላይ የምወደው የአሠራር ብልሃት ይህ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ግድግዳችሁ ብሎኬት ከሆነ ውስጡ ባዶ መሆኑን አትርሱ። ዘሎ የሚወጣን ትልቅ ውሻ ክብደት ፊሸርና ብሎን ላይ ብቻ መጣል አያዋጣም። ሸክሙን ወለል ላይ የቆሙ የሞራሌ እግሮች ይሸከሙት፤ ግድግዳው ላይ የምትመቱት ብሎን እንዳይወዛወዝ ብቻ ያገልግል። ላዩ ወፍራም ኮምፔርሳቶ ይሁን፤ ጠርዙን ብርጭቆ ወረቀት በደንብ አስነኩት። ቫርኒሽ ከቀባችሁ ሽታው ጨርሶ እስኪጠፋ ውሻውን መቀመጫው ላይ አታውጡት። የስፖንጁ ልብስ ዚፕ ወደ ግድግዳው ይዙር፤ ስፖንጅ ቦጫጭቆ የዋጠ ውሻ አንጀቱ ሊዘጋ ይችላል።

ደረጃውን እንደ ትርፍ ነገር እንዳታዩት። ቆሞ ያለ ውሻ ከክብደቱ 60 በመቶ ያህሉ የሚያርፈው ፊት እግሮቹ ላይ ነው፤ ከከፍታ ሲዘል ምቱን የሚቀበሉትም እነሱ ናቸው። ለ65 ሴንቲ ሜትር ሁለት እርከን ይበቃል፤ ከላይኛው እርከን ወደ መኝታው ያለውን ጨምሮ እያንዳንዱ ከፍታ 22 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። እርከኖቹ ላይ ምንጣፍ ለጥፉ። ባዶ ኮምፔርሳቶ ላይ ጥፍሩ ሲንሸራተት ደንግጦ ድጋሚ እንቢ ሊል ይችላል። ወገበ ረጅምና እግረ አጭር ለሆኑት፣ ለቡችሎችና ለሸመገሉት ደግሞ ከደረጃ ይልቅ ቀስ ብሎ የሚወጣ ተዳፋት ይሻላል።

የስፖንጁን ልብስ ቀለም ስትመርጡ አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 ጄይ ኒትዝና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት ውሾች ቀለም የሚለዩት በሁለት ዓይነት የዓይን ሕዋስ እንደሆነ አሳይተዋል፤ እኛ ሦስት ነው ያለን። ስለዚህ ሰማያዊና ቢጫ ይለያሉ፤ ቀይና አረንጓዴ ግን ይምታታባቸዋል። ቀዩን ልብስ የምትገዙት ለራሳችሁ ዓይን ነው።

ለአፍንጫው ደግሞ መስኮቱን ገርበብ አድርጉለት። ተንሸራታች አሉሚኒየም ከሆነ በሐዲዱ ውስጥ በልክ ተቆርጦ የገባ እንጨት፣ ሦስት ጣት ያህል ብቻ እንዲከፈት ያግደዋል። ፎቅ ላይ ከሆናችሁ ይህን ሳታደርጉ መስኮቱን አትክፈቱ፤ ተቀምጦ ያለ ውሻ ብድግ ካለ 25 ሴንቲ ሜትሩ አያቆመውም።

የሚቀረው ጩኸቱ ነው። ቆራሌው ያልፋል፣ ውሻው ይጮኻል፣ ቆራሌው መንገዱን ይቀጥላል። ውሻው ግን ያባረረው እሱ ይመስለዋል፤ በማግስቱ አብልጦ ይጮኻል። ጆሮውን አቁሞ ማየቱ ጤና ነው። ሰውነቱ ደርቆ፣ የጀርባው ጠጉር ቆሞ፣ ስሙን ስትጠሩት የማይዞር ከሆነ ግን እያረፈ አይደለም። ምድር ቤት ከሆናችሁ የመስታወቱን ታችኛ ክፍል ብርሃን በሚያስገባ ፊልም ሸፍኑት፤ አላፊ አግዳሚው ይከለልና ዛፉና ወፉ ይቀርለታል። ሰው በሚበዛበት ሰዓት መጋረጃውን ዝጉ። ዞር ብሎ ሲያያችሁ ደግሞ፣ ከመጮኹ በፊት፣ የሚወደውን ቁራሽ ስጡት።