አስተዳዳሪና አራሽ፤ ግርማሜ ንዋይ በወላይታና በጅጅጋ

የአንድን አስተዳዳሪ ሥራ በምን እንመዝነው? በማዕረጉ ነውን? ባስመረቀው ሕንፃ ብዛት ነውን? ወይስ በግዛቱ የሚኖረው ሠርቶ አደር ከላቡ ፍሬ በሚያገኘው ድርሻ? እኛ የመጨረሻውን ሚዛን እንመርጣለን።

ይህን ሚዛን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአራዳ የሚገኘው አትክልት ተራ፣ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ገበያው ወደ ጃን ሜዳ እስከተዛወረበት ጊዜ ድረስ፣ ለረጅም ዓመታት የመዲናይቱ የአትክልትና የፍራፍሬ ጅምላ መሸጫ ነበር። ከተሜው በሽንኩርትና በቲማቲም ዋጋ ሲከራከር፣ ያበቀለው ገበሬ ግን አይታየውም ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በፊት በደቡብ ኢትዮጵያ ከነበሩት ገበሬዎች እጅግ ብዙዎቹ ጭሰኞች ነበሩ፤ ከምርታቸው ሲሶውን፣ አንዳንዴም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ይሰጡ ነበር። በሥልጣን ወንበር ላይ ተቀምጠው ይህን ግንኙነት ለመንካት ከደፈሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ግርማሜ ንዋይ ነው።

ግርማሜ የተወለደው ከታወቀ የሸዋ መኳንንት ቤተሰብ ነው። አሜሪካ ሄዶ በዊስኮንሲን፣ ቀጥሎም በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማረ። የማስተርስ ጥናቱ በኬንያ የነጮች ሠፈራ ፖሊሲ ስላስከተለው ውጤት የሚተነትን ነበር። መሬቱን የተነጠቀ ሕዝብ ዕጣ ምን እንደሚመስል በንድፈ ሐሳብ የመረመረው ይህ ምሁር፣ ወደ አገሩ ተመልሶ በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት የወላይታ አውራጃ ገዥ ሲሆን፣ ያው ጥያቄ በተጨባጭ ገጠመው።

መልሱ በተግባር የተገለጸ ነበር። ጦም ያደረ መሬት መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች አከፋፈለ። ባላባቶቹ ግን ዝም አላሉም፤ አቤቱታቸው ቤተ መንግሥት ደረሰ። ግርማሜም ከወላይታ ተነሥቶ ወደ ጅጅጋ ተዛወረ። በዚያም ለአርብቶ አደሩ የውኃ ጉድጓድ፣ ትምህርት ቤትና የሕክምና አገልግሎት ለማዳረስ ቢጥርም፣ ከማዕከል የጠበቀውን ድጋፍ አላገኘም።

እዚህ ላይ አንድ ቁም ነገር ልናስተውል ይገባል። አንድ ቅን ገዥ በዓመታት የገነባውን አንድ ቀጭን ትእዛዝ ሊያፈርሰው የቻለው፣ ገበሬው በያዘው መሬት ላይ በሕግ የተረጋገጠ መብት፣ መብቱን የሚያስከብርበትም ድርጅት ስላልነበረው ነው። የግለሰብ ደግነት የሥርዓትን ጉድለት አይሞላም።

ግርማሜም ከዚህ ተነሥቶ ሥርዓቱ ራሱ መለወጥ አለበት ከሚል ድምዳሜ ደረሰ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በብራዚል ጉብኝት ላይ ሳሉ፣ የክቡር ዘበኛ አዛዥ ከነበረው ወንድሙ ከጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር መፈንቅለ መንግሥት አካሄደ። የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማሪዎች ለድጋፍ አደባባይ ወጡ፤ ጦር ሠራዊቱና አየር ኃይሉ ግን ተቃወሙ። ሙከራው በጥቂት ቀናት ውስጥ ከሸፈ። በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የታገቱ ባለሥልጣናትም ተረሸኑ። ይህ ደም በታሪኩ ላይ ያረፈ ከባድ ጥላ ነው፤ ልንሸፋፍነው አይገባም። ለገበሬው የታሰበው ለውጥ ገበሬው ሳያውቀው በጥቂት መኮንኖችና ምሁራን ተሞከረ፤ ድክመቱም ከዚህ ላይ ነበር።

ግርማሜ ታኅሣሥ 15 ቀን ሕይወቱ አለፈ። ጄኔራል መንግሥቱ መጋቢት 21 ቀን 1953 ዓ.ም. ከአትክልት ተራ ብዙም በማይርቀው በተክለ ሃይማኖት አደባባይ በስቅላት ተቀጣ። ጥያቄው ግን አብሮ አልተሰቀለም። በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» እያሉ አደባባይ ወጡ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅም የጭሰኝነትን ሥርዓት ሻረ።

ከዚህ የምንቀስመው ትምህርት ግልጽ ነው። ዛሬም ክልልን፣ ዞንን ወይም ከተማን የሚመራ ሁሉ ሊጠየቅ የሚገባው በሥልጣን ላይ ሳለ ስላደረገው ብቻ አይደለም። የዝውውር ደብዳቤው በደረሰው ማግሥት በሠርቶ አደሩ እጅ የሚቀረው ምንድን ነው? የአስተዳዳሪ እውነተኛ መመዘኛ ይህ ነው።