ጠመንጃንና ካዝናን ከዝገት የሚጠብቅ የርጭት ቅብ

ጠመንጃ ላይ የሚነፋ የርጭት ቅብ ዋና ሥራው ውኃና አየር ብረቱን እንዳያገኙት መለየት ነው። ብረት የሚዝገው ሁለቱ አንድ ላይ ሲደርሱበት ሲሆን ጨው ሲጨመርበት ደግሞ ዝገቱ ይፈጥናል። የእጅ ላብ ጨው አለው። ስለዚህ ዘወትር የሚጨበጠው ክፍል፣ በተለይም ካዝናው፣ ከሌላው ቀድሞ ይዝጋል። እንደ እንጅባራ፣ ዳንግላና ግምጃ ቤት ባሉ የአዊ ከተሞችና በዙሪያቸው ባለው ገጠር ክረምቱ ረጅምና ዝናባማ ነው፤ ብረት ለሳምንታት እርጥበት እንዳዘለ ይከርማል። ምድጃ ባለበት ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጠመንጃ ላይ ጥላሸትም ይጨመርበታል። ጥላሸት አሲድ ያለበት ከመሆኑም በላይ እርጥበት ይዞ ያቆያል።

ችግሩ አዲስ አይደለም። የአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ሴባስቶፖል መቅደላ ላይ ከ150 ዓመት በላይ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ኖሮ እስከ ዛሬ የቆየው ከነሐስ ስለተሠራ ነው። በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ የዘመቱት ውጅግራና ሌሎች ጠመንጃዎች ግን ብረት ናቸው። በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ከነበሩት ዘዴዎች አንዱ ዝገትን በዝገት መከላከል ነበር፦ ብረቱ ሆን ተብሎ ስስ ዝገት እንዲያወጣ ይደረጋል፣ ከዚያም በፈላ ውኃ ሲቀቀል ቀዩ ዝገት ወደ ጥቁር ኦክሳይድ ይለወጣል። ይህ ሲደጋገም ጠመንጃው ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር መልክ ያገኛል። መልኩ ውብ ነው፤ ነገር ግን በየጊዜው ዘይት ካልተቀባ ብቻውን ብዙ አይጠብቅም።

ቀጣዩ እርምጃ ፎስፌት ነው። እንግሊዛዊው ቶማስ ኮስሌት እ.ኤ.አ. በ1906 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ይህ ዘዴ በኋላ አሜሪካ ውስጥ በፓርከር ኩባንያ ተስፋፋ። ብረቱ በትኩስ የፎስፎሪክ አሲድ ውሁድ ውስጥ ሲነከር ላዩ ግራጫና ሻካራ ይሆናል፤ ሻካራነቱም ዘይት ይይዛል። በ1943 ዓ.ም. ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ በአሜሪካ መሣሪያ ሲዋጋ፣ ኤም 1 ጋራንድ የተባለው ጠመንጃ የሚለብሰው ቅብ ይኸው ነበር። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ከሶቪየት ኅብረት በብዛት የገባው ክላሽ ብዙውን ጊዜ ከፎስፌቱ ላይ በምድጃ የተጋገረ ጥቁር ቀለም ተጨምሮበታል። የአፈሙዙ ውስጥ ደግሞ ክሮም ተለብጧል።

የዛሬው የርጭት ቅብ የዚህ የተጋገረ ቀለም የልጅ ልጅ ነው። በጣም የታወቀው ሴራኮት የሚባለው ሲሆን የሚሠራው በአሜሪካ የኦሬገን ግዛት ነው። ደቃቅ የሴራሚክ ቅንጣት በፕላስቲክ መሰል ማጣበቂያ ውስጥ ተበትኖ፣ ማጠንከሪያ ተቀላቅሎበት በመርጫ ይነፋል። ከዚያም በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ለ2 ሰዓት ያህል ይጋገራል። ውፍረቱ 25 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የሰው ፀጉር ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ቅቡ ዕድሜ እንዲኖረው የሚያደርገው ግን ከመነፋቱ በፊት የሚሠራው ሥራ ነው። ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀባ ባለሙያ ይህን ያውቀዋል፦ ዝገት በደንብ ሳይፋቅ የተቀባ አንቲረስት ከነዝገቱ ተልጦ ይወድቃል። የክላሽ ካዝና ደግሞ የራሱ ፈተና አለው። ከተጨፈለቀ ቆርቆሮ ተሠርቶ በነጥብ በነጥብ የተበየደ በመሆኑ በስፌቱ ውስጥ አሮጌ ዘይት ይደበቃል። ላዩ የጸዳ መስሎ ይቀባና ምድጃ ሲገባ ዘይቱ ከስፌቱ ላብ እየሆነ ይወጣል፤ ቅቡም በዚያ መስመር ይነሣል። ስለዚህ በቲነር ወይም በሌላ ማሟሟያ ከታጠበ በኋላ ባዶውን ይሞቃል፣ የወጣው ዘይት ይጠረጋል፣ እንደገና ይታጠባል። መጽዳቱን ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ውኃ ማፍሰስ ነው፤ ውኃው እንደ ስስ ጨርቅ ከተነጠፈ ብረቱ ንጹሕ ነው፣ ጠብታ ጠብታ እየሆነ ከተሰበሰበ ግን ቅባት አለ።

ከዚህ በኋላ ብረቱ በአሉሚኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ተነፍቶ ይሻክራል። ብርጭቆ ወረቀት የሚፈለገውን እኩል ሻካራነት አይሰጥም። የወንዝ አሸዋ ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም፤ ሲነፋ የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል። በቀለሙ በኩልም አደጋ አለ። ሳይጋገሩ በአየር የሚደርቁ አንዳንድ ቅቦች ማጠንከሪያቸው አይሶሳያኔት ስለሆነ የአስም በሽታ ያስነሣል። የጨርቅ ማስክ ይህን አያግደውም፤ የኬሚካል ማጣሪያ ያለው መተንፈሻ የግድ ነው። በየከተማው ብዙ ወጣት ቀለም ቀቢዎች አፍንጫቸውን በሻርፕ ብቻ ሸፍነው ሲሠሩ መታየታቸው በእውነት ያሳስባል።

ሁሉም ክፍል አይቀባም። የአፈሙዙ ውስጥ፣ የካዝናው ሞላና ጥይት የሚይዘው የካዝናው አፍ ይተዋሉ፤ እዚያ የተጨመረ ትንሽ ውፍረት ጥይት እንዲነክስ ያደርጋል። የፕላስቲክ ካዝና በብረቱ ሙቀት ቢጋገር ይጣመማል፤ ዝቅ ባለ ሙቀት ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። የጦር መሣሪያ መያዝም ሆነ መነገድ በአዋጅ ቁጥር 1177/2012 ፈቃድ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ መሣሪያው የሚታወቅበት መለያ ቁጥር በቅብ ተሞልቶ እንዳይደበዝዝ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

ከአያት የተወረሰ ጠመንጃ ግን በዚህ መንገድ መቀባት የለበትም። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የዓድዋን ዘማቾች በሚዘክርበት በአዊ ምድር፣ በአንድ ቤት የተረፈ ውጅግራ ወይም ምንሽር ታሪክ ነው። ብናኝ ሲነፋበት የፋብሪካው ማኅተም፣ የተሠራበት ዓመትና አሮጌው ቅብ አብረው ይፋቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የሚመልሳቸው የለም። የኑግ ወይም የተልባ ዘይትም አይጠቅመውም፤ አየር ሲያገኘው ይደርቅና እንደ ሙጫ ይጣበቃል። የማር ሰም ትንሽ አሲድ ስላለው ሙዚየሞች ከነዳጅ የሚወጣ ንጹሕ ሰም ይመርጣሉ። እንዲህ ያለ ጠመንጃ በደረቅ ጨርቅ ተወልውሎ፣ ስስ የማሽን ዘይት ተቀብቶ፣ ከጭስ ርቆ ይቀመጣል። የቆዳ አፎት ውስጥ ግን አይከተትም፤ ቆዳ እርጥበት ይስባል፣ በማልፊያው የገባበት አሲድም ብረቱን ይበላዋል።