«ሽፍታ» የሚለው ቃል በድንበር ማዶ

መንገደኛ ድንበር ሲሻገር ጓዙ ይፈተሻል፤ ቃል ግን ሳይፈተሽ ያልፋል። በኬንያ ወገን በሞያሌ በምትገኘው በቡቲዬም ሆነ በኢትዮጵያይቱ ሞያሌ፣ «ሽፍታ» ብሎ የሚናገር ሰው አስተርጓሚ አያስፈልገውም። ይሁን እንጂ ቃሉ በኬንያ የጋዜጣና የሬዲዮ ቃል በሆነ ጊዜ ትርጕሙ ጠበበ፤ ጕዳቱም ሰፋ።

በአማርኛ «ሸፈተ» ማለት ከመንግሥት ትእዛዝ ወጥቶ ጫካ ገባ ማለት ነው። መንገደኛ የሚዘርፈው ሽፍታ ይባላል፤ ተበድሎ ፍርድ ያጣውም እንዲሁ። በኋላ ዓፄ ቴዎድሮስ ተብለው የነገሡት ካሣ ኃይሉ እንኳ በወጣትነታቸው ሸፍተው ነበር። ስለዚህ «እገሌ ሸፈተ» ሲባል የሰማ ሁሉ «ምን ቢደርስበት ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

እ.ኤ.አ. ከ1963 እስከ 1967 በኬንያ ሰሜናዊ ጠረፍ፣ ከሶማሊያ ጋራ እንቀላቀል ያሉ ሰዎች መሣሪያ አንሥተው ተዋጉ። የሞቃዲሾ ሬዲዮ የነፃነት ታጋዮች ሲላቸው፣ የኬንያ መንግሥትና ጋዜጦች ሽፍቶች አሏቸው። ግድያውና ዝርፊያው በእውነት የተፈጸመ ነው፤ ነገር ግን የፖለቲካው ጥያቄ ከዘረፋው ጋራ በአንድ ስም ተጠቃለለ። በሩቅ ከተማ ሆኖ ጋዜጣ የሚያነበውም ሰው ስለ ሰሜን ሌላ ወሬ ስለማይደርሰው፣ ግመሉን የሚያጠጣውን እረኛ ከታጣቂው ለይቶ ማየት አቃተው።

ስሙም ወደ ሥራ ተለወጠ። ብዙ አርብቶ አደሮች በጥበቃ ሥር ባሉ መንደሮች እንዲሰበሰቡ ተደረገ፤ ከብቶቻቸውም ተወረሱ። እ.ኤ.አ. በ1970 የወጣው ሕግ በዚያ ዘመን በደል ያደረሱትን የመንግሥት ሠራተኞች ከክስ ነፃ አደረጋቸው። የኬንያ የእውነት፣ የፍትሕና የዕርቅ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2013 ባቀረበው ዘገባ በሰሜን የተፈጸመውን በደል በሰፊው ጽፎአል።

አማርኛን በመማር ላይ ያላችሁ ሹማምንት ሆይ፤ ስለ ወንጀል ስትጽፉ አድራጊውንና አድራጎቱን ለዩ፤ ማን፣ የት፣ ምን እንዳደረገ ግለጹ እንጂ ያገሩን ሰው ሁሉ በአንድ ስም አትጥሩ። ሌባው ተይዞ ቢፈረድበት ነገሩ ያልቃል፤ ስም ግን ከመቃብር በላይ ይውላል።